በሞባይል የማይነበብ ድረ ገጽ ደንበኛን ከደጃፍ ይመልሳል

አንድ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ ደህና ቦታ ላይ ሱቅ ተከራይቶ፣ መደርደሪያውን በዕቃ ሞልቶ፣ ታፔላውን አሳምሮ ሰቅሎ ሲያበቃ በሩን ሰው ጎንበስ ብሎ እንኳ በማይገባበት መጠን ቢያጠብበው "ምን ነካው?" የማይል አይኖርም። ይሁን እንጂ በርካታ የንግድ ድርጅቶች በኢንተርኔት ላይ የከፈቱት ሱቅ፣ ማለትም ድረ ገጻቸው፣ ከዚህ የተለየ አይደለም። ለማሠሪያው ገንዘብ ከፍለዋል። አድራሻውን በቢዝነስ ካርዳቸው፣ በመኪናቸው በርና በማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ አሳትመዋል። ደንበኛው አድራሻውን አይቶ በእጁ ባለው ስልክ ሲከፍተው ግን ፊደሉ ጉንዳን ያክላል፣ ገጹ ወደ ጎን እየሸሸ ያስቸግራል፣ ፎቶግራፉ እስኪመጣ ደቂቃ ይፈጃል፣ የስልክ ቁጥሩም የት እንዳለ አይገኝም። "እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው" የሚባለው ዓይነት መስተንግዶ ነው።

ጉዳቱ በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። ሱቅ ደርሶ ዋጋ ተወዶበት የተመለሰን ደንበኛ ባለሱቁ በዓይኑ ያየዋል፤ ቢፈልግም ጠርቶ ሊያግባባው ይችላል። ከድረ ገጽ የተመለሰው ግን ሳይታይ መጥቶ ሳይታይ ይሄዳል። ድርጅቱም "ኢንተርኔት ለእኛ ሥራ አይሆንም" ብሎ ይደመድማል። ለሥራው ያልሆነው ኢንተርኔቱ ሳይሆን የበሩ ጥበት መሆኑን የሚነግረው የለም።

ደንበኛው በየትኛው መንገድ ይመጣል?

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዚያን ጊዜ ሊጠቀምበት የሚችለው ኮምፒዩተርና መደበኛ የስልክ መስመር ያለው መሥሪያ ቤት ወይም ግለሰብ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት ሲጀመር ሁለቱ የሚገናኙ አይመስሉም ነበር። ሞባይል ለመነጋገሪያ፣ ኢንተርኔት ደግሞ ለቢሮ ኮምፒዩተርና ለኢንተርኔት ካፌ የተተወ ነበርና። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ኩባንያዎች ድረ ገጾችም የተሠሩት በዚሁ ስሌት፣ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ ሰፊ ስክሪን ነው።

ዛሬ ሁኔታው ተገልብጧል። ኢትዮ ቴሌኮም የ2017 በጀት ዓመትን ሲዘጋ የደንበኞቹ ቁጥር ከ80 ሚሊዮን በላይ ነበር። በአንጻሩ የቋሚ ብሮድባንድ፣ ማለትም እስከ ቤት ወይም እስከ ቢሮ በተዘረጋ መስመር ኢንተርኔት የሚያገኙት ደንበኞቹ ከ1 ሚሊዮን በታች ነበሩ። እርግጥ ሞባይል የያዘ ሁሉ ኢንተርኔት ይጠቀማል ማለት አይደለም፤ አንድ የቢሮ መስመርም ብዙ ሠራተኞችን ያገለግላል። ይህ ሁሉ ታሳቢ ተደርጎ እንኳ የሚዛኑ ማዘንበል አያከራክርም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በአዲስ አበባ መጀመሩ ደግሞ ውድድሩን ያጠናከረው በዚሁ በሞባይል ኢንተርኔት መስክ ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ከኢንተርኔት ጋር የተዋወቀው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ሳይሆን ስልኩን በመዳፉ ይዞ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

ገንዘቡም ወደ ስልክ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 የተጀመረው ቴሌብር በአራት ዓመት ውስጥ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አፍርቷል። ባንኮችም በየራሳቸው የሞባይል አገልግሎት ደንበኛውን ከሰልፍ አውጥተውታል። ዕቃውን በስልኩ አይቶ፣ በስልኩ ጠይቆ፣ በስልኩ የሚከፍል ገዢ በገበያው ውስጥ አለ። በመሐል የሚቋረጠው የሻጩ ድረ ገጽ ላይ ሲደርስ ነው።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ስታትካውንተር የተባለው የመረጃ ድርጅት ባወጣው ቆጠራ መሠረት በዓለም ደረጃ በሞባይልና በታብሌት የሚደረገው የድረ ገጽ ጉብኝት በኮምፒዩተር ከሚደረገው የበለጠው ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ነው። ከዱባይ ዕቃ የሚልክ ነጋዴም ሆነ በዋሽንግተን አካባቢ ሆኖ አዲስ አበባ አፓርታማ የሚያማርጥ ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያ የሚያነሳው ስልኩን ነው።

ገጹ በስልክ ላይ ለምን ይደቃል?

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። ድረ ገጽ በስፋት የሚለካው ፒክስል በሚባል መለኪያ ነው። ለኮምፒዩተር የተሠራ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1,000 ፒክስል ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ይዞ ይነደፋል። በገበያው ላይ የሚገኝ አንድ ተራ የአንድሮይድ ስልክ ግን ለድረ ገጽ የሚያቀርበው ስፋት ወደ 360 ነው።

አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ በዓለም ላይ የነበሩት አብዛኞቹ ገጾች ለኮምፒዩተር የተሠሩ ስለነበሩ አንድ ዘዴ ተዘየደ። ስልኩ የራሱን ስፋት 980 ፒክስል አስመስሎ ገጹን ይቀበልና በኋላ ሁሉንም አጨማድዶ በጠባቡ መስኮት ውስጥ ያስገባዋል። ሌሎች ስልኮችም ተመሳሳይ ዘዴ ይከተላሉ። በዚህ ጊዜ በኮምፒዩተር ላይ 16 ፒክስል የነበረ ፊደል በስልኩ ላይ ወደ 6 ይወርዳል። ደንበኛው በሁለት ጣቱ ገጹን እየለጠጠ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየገፋ ካላነበበ በቀር አይታየውም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። በገጹ ራስጌ ላይ ቪውፖርት የሚባል አንድ መስመር ትእዛዝ ሲጻፍ ስልኩ ማስመሰሉን ትቶ በእውነተኛ ስፋቱ ይሠራል። ይህ ብቻ ግን አይበቃም። ጎን ለጎን የተደረደሩት ዓምዶች በጠባብ ስክሪን ላይ አንዱ ከሌላው ሥር እንዲወርዱ፣ ፎቶግራፎቹ ከመስኮቱ ስፋት እንዳያልፉ፣ ዝርዝሩም በአንድ አዝራር ሥር እንዲታጠፍ መደረግ አለበት። ኢታን ማርኮት የተባለ አሜሪካዊ የድረ ገጽ ንድፍ ባለሙያ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 ባወጣው ጽሑፍ ሪስፖንሲቭ የሚል ስም ሰጠው። አንዱ ገጽ እንደ ውኃ የዕቃውን ቅርጽ ይይዛል፤ በኮምፒዩተር ሰፊ፣ በስልክ ጠባብ ይሆናል ማለት ነው።

የግዕዝ ፊደል የራሱ ጣጣ

የአማርኛ ገጽ ሲደቅ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ይጎዳል። "በ"ን ከ"ቡ"፣ "ቢ"ን ከ"ቤ" የሚለየው በጎን ወይም በእግር ላይ የተቀጠለች ትንሽ ጭረት ናት። ፊደሉ 6 ፒክስል ላይ ሲወርድ ይህች ጭረት ትጠፋለች፤ ቃሉም ትርጉሙን ይለውጣል ወይም ጨርሶ አይነበብም። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ በስልክ ላይ ከ16 ፒክስል ባያንስ፣ የመስመሮቹም ርቀት ሰፋ ቢል ይመረጣል። የአማርኛ ቃላት በቅጥያ ስለሚረዝሙም ለእንግሊዝኛ በተለካ አዝራር ላይ ሲጻፉ ይቆረጣሉ፤ ይህንን ገጹ ከመረከቡ በፊት በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጣጣ ከድሮ የተወረሰ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የየራሳቸው አቀማመጥ ስለነበራቸው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። ባለሙያዎችም ጽሑፉን እንደ ፎቶግራፍ አድርገው መለጠፍ ለመዱ። ምክንያቱ ከተወገደ ብዙ ዓመት ቢያልፍም ልማዱ አልጠፋም፤ የዋጋ ዝርዝርን፣ የጨረታ ማስታወቂያንና የስልክ ቁጥርን በሥዕል መልክ የሚለጥፉ ድርጅቶች ዛሬም አሉ።

ይህ ሦስት ጉዳት አለው። በሥዕል ላይ ያለ ጽሑፍ ከስልኩ ስፋት ጋር ራሱን አያስተካክልም። ደንበኛው ቁጥሩን ነክቶ መደወል አይችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክብደቱ ነው። በዩኒኮድ አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ 1,000 ፊደል ያለው ሙሉ ማስታወቂያ 3 ኪሎባይት ገደማ ነው። ያው ማስታወቂያ በሥዕል ሲለጠፍ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎባይት ሊሆን ይችላል። ደንበኛው ለተመሳሳይ ቃል መቶ እጥፍ ይከፍላል ማለት ነው።

ሜጋባይት የደንበኛው ገንዘብ ነው

በሞባይል ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው ብዙውን ጊዜ ፓኬጅ የሚገዛው በሜጋባይት ተለክቶ ነው። ሻጩ በድረ ገጹ ላይ የሚጭነው እያንዳንዱ ከባድ ፎቶግራፍ በገዢው ኪስ ይወራረዳል። ለምሳሌ 100 ሜጋባይት የገዛ ሰው 5 ሜጋባይት የሚመዝን ገጽ 20 ጊዜ ቢከፍት ፓኬጁ ያልቃል። ገጹ ወደ ግማሽ ሜጋባይት ቢቀል ግን 200 ጊዜ ይከፍትበታል።

ጊዜውም እንዲሁ ነው። መስመሩ ተጨናንቆ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ብቻ በሚያስተላልፍበት ሰዓት 5 ሜጋባይቱ ገጽ ለመምጣት 40 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ግማሽ ሜጋባይቱ በ4 ሴኮንድ ይደርሳል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረገው ጥናት ገጹ የሚፈጀው ጊዜ ከ1 ሴኮንድ ወደ 3 ሲያድግ ጎብኚው ምንም ሳይነካ የመውጣቱ ዕድል በ32 በመቶ ይጨምራል፤ ወደ 5 ሴኮንድ ሲያድግ ጭማሪው 90 በመቶ ይደርሳል። 40 ሴኮንድ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ገዢ ወይ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ወይ ሌላ አማራጭ ያጣ ነው።

ክብደቱ ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ከፎቶግራፍ ነው። የዘመኑ የስልክ ካሜራ የሚያነሳው አንድ ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ሊመዝን ይችላል። ሠራተኛው ሳያሳንስ በቀጥታ ሲጭነው አሥር ቤት የሚያሳይ ገጽ ከ30 ሜጋባይት ያልፋል። ያው ፎቶ ለስልክ ስክሪን ተመጥኖ፣ ዌብፒ በሚባለው ቀለል ያለ ዓይነት ቢቀመጥ ዓይን ልዩነቱን ሳያይ ወደ 100 ወይም 200 ኪሎባይት ይወርዳል። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ አንድ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ሊማረው የሚችል ልማድ ነው።

ጉግል በማን ዓይን ያያል?

ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባው ሌላው ጉዳይ የጉግል አሠራር ነው። ደንበኛ የድርጅቱን ስም ሳያውቅ "የግንባታ ብረት አከፋፋይ አዲስ አበባ" ብሎ ሲፈልግ ማን ከላይ እንደሚወጣ የሚወስነው የፍለጋው ድርጅት ነውና።

ጉግል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 2015 በሞባይል ለሚደረግ ፍለጋ ለስልክ የተመቹ ገጾችን ማስቀደም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ደግሞ ገጾችን የሚመዘግበው በስልክ በሚታዩበት መልክ እንዲሆን ማቀዱን አስታወቀ። ይህ ሽግግር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 መጠናቀቁ ተነግሯል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 5 ቀን 2024 ጀምሮም በስልክ ጨርሶ የማይከፈት ድረ ገጽ በጉግል መዝገብ ውስጥ እንደማይገባ ተገልጿል።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። ጉግል ድርጅቱን የሚያየው ስልክ እንደያዘ ደንበኛ ሆኖ ነው። አንዳንድ ድርጅቶች "ለስልክ ይቅለል" በሚል የዋጋ ዝርዝሩን ወይም የዕቃውን መግለጫ ከሞባይሉ ገጽ ያወጡታል። በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ ቢኖርም ጉግል አይቆጥርላቸውም። ስለዚህ ማቅለል ማለት ሥዕሉንና ጌጣጌጡን መቀነስ እንጂ ደንበኛው የሚፈልገውን መረጃ መሰረዝ መሆን የለበትም።

ጉግል ፍጥነትንም በቁጥር አስቀምጦታል። የገጹ ዋናው ክፍል ቢበዛ በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ መታየት አለበት። አዝራር ሲነካ በ200 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት። ይህ ከአራት ጎብኚዎች ቢያንስ ለሦስቱ መሟላት ይኖርበታል። በባለቤቱ ቢሮ ዋይፋይ ላይ ፈጥኖ መከፈቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

"ቴሌግራም ይበቃኛል" ለሚሉ

ብዙ ነጋዴ ድረ ገጹን ትቶ በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ይሸጣል። ምክንያት አለው። አገልግሎቶቹ ነፃ ናቸው፣ በስልክ ላይ በደንብ ይሠራሉ፣ ደንበኛውም እዚያው ነው። ይህንን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን የሰው ግቢ ውስጥ የተዘረጋ ገበያ መሆኑ መረሳት የለበትም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ውስጥ በመደበኛው መንገድ እንዳይከፈቱ ተደርገው ነበር። ቪፒኤን የሚባለውን ማለፊያ የማያውቀው ደንበኛ ለአምስት ወራት ያህል ከሻጩ ተለያየ። በቻናል ብቻ ይነግድ ለነበረ ሰው ሱቁ ታሽጎ እንደ መክረም ነው።

ከዚህም ሌላ በቻናል ላይ የተለጠፈ ዕቃ በማግሥቱ በሌሎች ልጥፎች ይሸፈናል። ከሦስት ወር በፊት የወጣን ዋጋ ለማግኘት ጣት እስኪደክም ማሸብለል ነው። ድረ ገጽ ግን መደርደሪያ ነው፤ ዕቃው በየዓይነቱ ይቀመጣል፣ በጉግልም ይገኛል። አዋቂ ነጋዴ ሁለቱን ያቆራኛል። በቻናሉ ይጠራል፣ ዝርዝሩን ግን ወደ ራሱ ገጽ በሚወስድ ማያያዣ ያሳያል። ማያያዣው የሚነካው በስልክ ስለሆነ ገጹ ለስልክ ካልተመቸ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል።

ሦስት መንገዶች፣ ሦስት ዋጋ

ድረ ገጹን ለስልክ ለማመቻቸት የሚፈልግ ድርጅት ሦስት ምርጫ ይቀርብለታል።

አንደኛው ለስልክ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ድረ ገጽ ማሠራት ነው። ቀድሞ የተለመደ ነበር። ችግሩ ሁለት መዝገብ መያዝ መሆኑ ነው። ዋጋ ሲለወጥ በአንደኛው ተስተካክሎ በሌላው ይረሳል። በምንዛሪ ለውጥ ምክንያት ዋጋ ቶሎ ቶሎ በሚከለስበት ገበያ፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ እንደታየው፣ ሁለት የተለያየ ዋጋ ለአንድ ደንበኛ ማሳየት ጭቅጭቅ መጥራት ነው።

ሁለተኛው አፕሊኬሽን ማሠራት ነው። ለባንክ፣ ለትራንስፖርት ጥሪና ደንበኛው በየቀኑ ለሚጠቀምበት አገልግሎት ተገቢ ነው። በሕይወቱ አንድ ጊዜ አፓርታማ ለሚገዛ ወይም በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ ለሚለውጥ ሰው ግን አፕሊኬሽን አውርድ ማለት ለአንድ ኪሎ ስኳር የአባልነት ፎርም ሙላ እንደ ማለት ይሆናል። ወጪውም ከሦስቱ ከፍተኛው ሊሆን ይችላል፤ ለአንድሮይድና ለአይፎን ለየብቻ መጠበቅና ማደስ ያስፈልጋልና።

ሦስተኛው ሪስፖንሲቭ የተባለው፣ በአንድ ገጽ ለሁሉም ስክሪን የሚሠራው ነው። አንድ አድራሻ፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ ጥገና። ጉግልም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ለአብዛኛው አስመጪ፣ አከፋፋይ፣ ሆቴልና የሪል ስቴት ድርጅት የሚያዋጣው ይኸኛው ነው።

በስልክ ላይ መቅደም ያለበት

ገጹ በቴክኒክ ስለተስተካከለ ብቻ ሥራ አያመጣም። በስልኩ የመጀመሪያ ስክሪን ላይ ምን እንደሚታይ መወሰን የነጋዴው እንጂ የባለሙያው ሥራ አይደለም። የብዙ ድርጅቶች ገጽ የሚከፈተው በሥራ አስኪያጁ መልእክትና በድርጅቱ ራእይ ነው። ገዢው የሚፈልገው ግን ምን እንዳለ፣ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝና በማን ስልክ እንደሚጠየቅ ነው።

የስልክ ቁጥሩ ሲነካ የሚደውል መሆን አለበት። ከውጭ አገር የሚደውለው ወገን እንዳይቸገር በ251 ቢጀምር ይመረጣል። አድራሻው "ከእንትን ሕንፃ ዝቅ ብሎ" ከሚለው በተጨማሪ የካርታ ማያያዣ ቢኖረው ደንበኛው ታክሲ ይዞ ይደርሳል። የሥራ ሰዓት የውጭ ገዢ ላለው ድርጅት በኢትዮጵያም በውጭም አቆጣጠር ይጻፍ፤ "2፡30" የሚለው ለአዲስ አበባው ጠዋት ሲሆን ለውጭ ሰው እኩለ ሌሊት ያለፈ ወይም ከሰዓት በኋላ ነው። አዝራሮች በአውራ ጣት ሊነኩ ስለሚገባ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ይኑራቸው። የመጠየቂያ ቅጽ ካለም ስምና ስልክ ይበቃል፤ የስልክ ቁጥር ሳጥኑ ሲነካ የቁጥር ገበታ እንዲመጣ ማዘዝ ለባለሙያው የአንድ ቃል ሥራ ነው።

እንደየሥራው ዓይነትም ልዩነት አለ። የቤትና የመኪና ደላላ ፎቶውን በብዛት ሳይሆን በምርጫ ያቅርብ፤ አራት ጥሩ ፎቶ፣ ካሬ ሜትሩ፣ ሰፈሩ፣ የካርታው ሁኔታና ዋጋው በአንድ ስክሪን ቢታይ ይበልጣል። ቡና ላኪ የሚያቀርበውን ቡና አካባቢ፣ ደረጃና የዝግጅት ዓይነት በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ ገዢው በንግድ ትርኢት ላይ ቆሞ ስሙን ሰምቶ ወዲያው በስልኩ ያጣራዋልና። ጅምላ አከፋፋይ የዋጋ ዝርዝሩን ፒዲኤፍ ከማድረግ ይልቅ በተራ ሠንጠረዥ ቢጽፈው ቸርቻሪው ሱቁ ውስጥ ቆሞ ያነበዋል።

የገጹ አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ መጀመሩም መረጋገጥ አለበት። የጉግል ክሮም ማሰሻ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ወዲህ ይህ የሌለውን ገጽ "አስተማማኝ አይደለም" የሚል ምልክት ይለጥፍበታል። ክፍያ የሚጠይቅ ሻጭ ይህ ምልክት ከስሙ ጎን ሲታይ የሚደርስበትን መገመት አያዳግትም።

ውሉ ሲፈረም

በድረ ገጽ ሥራ ላይ የሚነሳው ጠብ በአብዛኛው ውሉ ላይ ካልተጻፈው ነገር ይመነጫል። ስለዚህ ከክፍያ በፊት የሚከተሉት በጽሑፍ ቢሰፍሩ ይመከራል። የድረ ገጹ ስም ወይም ዶሜይን በድርጅቱ ስም ይመዝገብ። በባለሙያው ስም ከተመዘገበ ባለሙያው ሲጠፋ ወይም ሲጣላ ስሙም አብሮ ይሄዳል። የይለፍ ቃሎች ሁሉ በርክክብ ቀን ይሰጡ። ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የሰርቨር ኪራይ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ከሆነ በየዓመቱ ማን እንደሚከፍልና በምን ሒሳብ እንደሚወራረድ ይገለጽ። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ገጹ በባለሙያው ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን በገበያ ላይ ባለ ርካሽ የአንድሮይድ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ተከፍቶ ሲታይ መሆኑ ይጻፍ።

ለማን አስፈላጊ አይደለም?

ሁሉም ነጋዴ ነገ ተነስቶ ገንዘብ ያውጣ ማለት አይደለም። ደንበኞቹ አሥር የታወቁ ተቋማት ለሆኑና ሥራው በጨረታ ብቻ ለሚገኝ ድርጅት የሞባይል ገጽ ትርፉ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ድረ ገጽ ያለው ድርጅት ግን ከመገመት ይልቅ መቁጠር ይችላል። ጉግል አናሊቲክስ የተባለው ነፃ መሣሪያ ከጎብኚዎች ስንቱ በስልክ፣ ስንቱ በኮምፒዩተር እንደመጣና በገጹ ላይ ምን ያህል እንደቆየ ይለያል። በስልክ የመጡት ብዙ ሆነው ቶሎ የሚወጡ ከሆነ ችግሩ የት እንዳለ ታውቋል። ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የሚባለው ሌላው የጉግል ነፃ መሣሪያ ደግሞ የገጹን አድራሻ ብቻ ተቀብሎ በስልክ ላይ ያለውን ፍጥነትና ጉድለት ዘርዝሮ ያሳያል።

መሣሪያ ለማይወድ ባለሱቅ ደግሞ ቀላል ፈተና አለ። ለድርጅቱ አዲስ የሆነ አንድ ሰው ይጠራና ዋይፋዩን አጥፍቶ በገዛ ስልኩ ድረ ገጹን እንዲከፍት፣ አንድ የተወሰነ ዕቃ ዋጋ እንዲያገኝና ወደ ሽያጭ ክፍል እንዲደውል ይጠየቃል። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ምንም ሳይናገር ሰዓቱን ይመልከት። ከአንድ ደቂቃ በታች ከጨረሰ ገጹ ደህና ነው። ጣቱን እየለጠጠ፣ ፊቱን እያጨማደደ ሁለት ደቂቃ ካለፈው ግን በየቀኑ ስንት ደንበኛ እንደዚሁ ተቸግሮ ወደ ጎረቤት ሱቅ እንዳለፈ ባለቤቱ ራሱ ሒሳቡን ይሥራ።